ሰዓሊው ያላየው ጠባሳ

አንድ ሰው ነበረ። ሥራው ሥዕል ነው፤ ጠባዩ ደግሞ እሳት። ከሦስት ደብር ተባሮ አራተኛው ደብር ደጃፍ ላይ የቀለም ዕቃውን ታቅፎ ተቀምጧል።

ስሙን አልነግራችሁም፤ ምሳሌ ስለሆነ ስም አያሻውም። የሆነ ታሪክ ነው ብላችሁም ለሰው እንዳታወሩብኝ። ዘመኑን ብቻ ያዙልኝ፤ የጎንደር ነገሥታት ዘመን ነው እንበል። በዚያው ጊዜ በባሕር ማዶ ያሉ ሰዓሊዎች፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ አንዲት መስኮት የከፈቱ ይመስል፣ የሰውን ፊት ግማሹን አብርተው ግማሹን አጨልመው ይስሉ ነበር። የተማሩት ልጆቻችሁ “ባሮክ” ይሉታል። ከእነዚያ ሥዕሎች አንዷ፣ ጥጉ በተቀደደ ወረቀት ላይ የታተመች፣ በአንድ የምጽዋ ነጋዴ እጅ ጎንደር ገባች እንበል። ያ ሰዓሊ አያት። ከዚያ በኋላ ዕረፍት አላገኘም።

ዛሬ አልጮኽባችሁም፤ ደክሞኛል። ይህ ጉባኤ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ እናንተም ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጣችኋል፤ ከምሰሶው ሥር ያሉት ሁለት አባቶች ደግሞ እኔን ቀድመው አርፈዋል። ተዋቸው፣ አትቀስቅሷቸው። እኔ ቀስ ብዬ እናገራለሁ፤ እናንተም ቀስ ብላችሁ ስሙኝ።

የአባቶቻችን ሥዕል ሥርዓት አለው። ቅዱሳን ፊት ለፊት ይሳላሉ፤ ሁለቱም ዓይኖቻቸው ይታያሉ። ክፉዎቹ፣ ሰቃዮቹና አጋንንቱ፣ በጎን ይሳላሉ፤ የሚታየው አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው። ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ እንኳ ገብቶ ቀና ሲል ማን ከየትኛው ወገን እንደሆነ ያውቃል። መልካም ሥርዓት ነው፤ አልነቅፈውም።

ሰዓሊያችን ግን የቅዱሳንን መልክ ከመጽሐፍ አልወሰደም፤ ከገበያ ወሰደው። ቅዱስ ጴጥሮስን ሊስል ሲነሣ ከጣና ዳር አንድ ታንኳ ቀዛፊ አምጥቶ ፊቱ አስቀመጠ። ቅድስት ሐናን ሲስል በር ላይ የምትለምነውን አሮጊት አስቀመጠ። እግራቸው የተሰነጣጠቀ ነው፤ ጥፍራቸው ውስጥ ጭቃ አለ። ብርሃኑም እንደ ድሮው ከፊታቸው አይወጣም፤ በር የተከፈተ ይመስል ከአንድ ጎን ይመጣባቸዋል፣ በሌላው ጎናቸው ጥላ ነው።

ካህናቱ ተቆጡ። “ለመሆኑ ቅዱሳን ጥላ አላቸው?” ብለው ጠየቁት።

“ሥጋ ከነበራቸው ጥላም ነበራቸው” አላቸው።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ይህን መልሱን እወድለታለሁ። ግን እንዲህ ብሎ ዝም ቢል መልካም ነበር። ዝም አይልም፤ አስከትሎ ይሳደባል። ጥበብ የተሰጠው ሰው ሁሉ ትዕግሥት አብሮ አይሰጠውም፤ ይህንን ከዘማሪዎቻችን ታውቁታላችሁ፣ ከሰባኪዎቻችሁም።

ደግሞ ቂመኛ ነበር። የተጣላውን ሰው መልክ እየወሰደ ከሰቃዮቹ መሃል ይደረድራል፤ በጎን፣ በአንድ ዓይን። አማቱ እዚያ ናቸው። ሙጫውን ያበላሸበት ቆዳ ፋቂ እዚያ ነው። የገበያው ሹም አንድ ቀን ሊሳለም ገብቶ ራሱን ጅራፍ ይዞ ቢያገኘው፣ በማግስቱ ሙክት አስጎትቶ መጣና “እባክህ፣ ሁለተኛይቱን ዓይን ጨምርልኝ” አለው። ሰዓሊው ሙክቱን በላ፤ ዓይኗን ግን አልጨመረም።

በዚህ ምክንያት የዚያ አገር ሰው ቤተ ክርስቲያን የሚገባው ለመሳለም መሆኑ ቀረ። የሚገባው በዚህ ሳምንት ማን በአንድ ዓይን እንደተሳለ ለማየት ነው። ጎረቤቱን ሲያገኝ ይስቃል፤ ራሱን ሲያገኝ ያለቅሳል። እናንተ ብትሆኑ አትገቡም ነበር? እኔ እገባ ነበር።

ከዚያ የገና በዓል መጣ። ወንዶቹ ሜዳ ወጥተው ገና ይጫወታሉ። ደንቡን ታውቁታላችሁ፤ “በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ” ይባላል። በዚያ ቀን ሎሌ ጌታውን ቢያሾፍበት፣ ድሃ ባለጸጋውን ቢያበሽቀው ይሳቃል እንጂ አይቀየሙም። ቸኮል የሚባል አንድ ሳቂታ ወጣት ገበሬ የጨዋታዋን ኳስ፣ ሩሯን፣ ከሰዓሊው እግር ሥር ነጠቀና እየሮጠ ዞር ብሎ፣ “ያንተ ቅዱሳን እግራቸውን የሚታጠቡት መቼ ነው?” አለው። ሜዳው በሙሉ ሳቀ።

ከዚህ የቀለለ ቀልድ አለ? ሌላው ሰው ቢሆን መልሶ ያበሽቀው ነበር፣ ነገሩም እዚያው ያልቅ ነበር። ይህ ሰው ግን በማይቆጡበት ቀን ተቆጣ። ደርሶበት በያዘው የገና ዱላ አንድ ጊዜ መታው። አንድ ጊዜ ብቻ። ቸኮል ወደቀ፤ አልተነሣም።

ሰዓሊው ሮጠ። ደብሩ ቅጥር ውስጥ ገባና ደወሉን ደወለ። በዚያ አገር ሕግ ነፍሰ ገዳይ ደወል ደውሎ ከተማፀነ በቅጥሩ ውስጥ እስካለ ድረስ ማንም አይነካውም። ከበሩ አንድ እርምጃ ከወጣ ግን ደሙ የሟች ወንድም ነው።

የሟች ወንድም ዋሴ ይባላል፤ ታላቁ ነው። ወንድሙን ቀብሮ፣ ጦሩን ይዞ መጣና ከበሩ ትይዩ ካለው ዋንዛ ሥር ተቀመጠ።

የደብሩ አለቃ፣ አለቃ ምህርካ፣ ሁለቱንም አዩ። ዋሴን ምንም አላሉትም፤ መብቱ ነው። ሰዓሊውን ግን፣ “ይህ እጅህ ሰው ገድሏል። እንግዲህ ሥራ ፈትቶ አይቀመጥም፤ የመቅደሱ ግድግዳ ባዶ ነው፣ ሣልበት” አሉት።

ሦስት ዓመት። አንዱ ከበሩ ውስጥ፣ አንዱ ከበሩ ውጭ።

ክረምት ሲሆን ዋሴ ገሳውን ለብሶ ዝናቡን ይቀበላል፤ በጋ ሲሆን ጥላውን እየተከተለ ዛፉን ሲዞር ይውላል። ሚስቱ አገልግል ይዛ ትመጣለች፤ “እርሻውን ዳዋ ዋጠው” ትለዋለች፤ አገልግሉን ተቀብሎ ፊቱን ወደ በሩ ይመልሳል። ጎረቤቶቹ አንድ ዓመት አረሱለት፤ በሁለተኛው ሰለቻቸው። ሰዓሊውም ውስጥ ሆኖ፣ ግድግዳው ካለቀ አለቃው “በል እንግዲህ ውጣ” ይሉኛል ብሎ እየፈራ፣ የቀባውን እያጠበ እንደገና ይቀባል። ጠጉሩ ሸበተ። ስድቡም ቀነሰ፤ ንስሐ ገብቶ አይደለም፣ የሚሳደብበት ጉልበት አልቆበት ነው።

እስረኛው ማን ነው? ውስጥ ያለው ነው ወይስ ውጭ ያለው? እኔ ይህን ምሳሌ ስንት ጊዜ ተናግሬዋለሁ፤ እስከ ዛሬ አልለየልኝም።

በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ አንድ ግድግዳ ቀረ፤ የስቅለቱ። ሰዓሊው መጋረጃ ጋረደበትና አራት ወር ለማንም አላሳየም። ወሬን ግን መጋረጃ አይከለክለውም። አንድ ደብተራ በዋንዛው በኩል ሲያልፍ፣ ክፋት ይሁን ጨዋታ እንጃለት፣ “ዋሴ፣ ጌታን በጦር የሚወጋው አንተ ነህ አሉ፤ በአንድ ዓይን” ብሎት ሄደ።

ዋሴ ቁጭ ብሎ አሰበ። “ወንድሜን ገደለብኝ። አሁን ደግሞ የልጅ ልጄ ሊሳለም በገባ ቁጥር ‘ያ አያትህ ነው’ ሊሉት ነው” አለ። ጦሩን ዛፉ ላይ አስደገፈ፤ ካራውን ኩታው ውስጥ ሸሸገ። በቤተ ክርስቲያን ደም ያፈሰሰ ሰው ቤቱ እንደሚወረስ፣ ሚስትና ልጆቹ እንደሚበተኑ፣ ነፍሱም እንደምትጠፋ ያውቃል። እያወቀ ተነሣ። ሰው በጣም ሲደክመው እንዲህ ነው፤ የሚያጣው ነገር አይታየውም።

ገባ። መጋረጃውን ገለጠ።

ወታደሮቹን አንድ በአንድ አያቸው። የገበያው ሹም አለ፤ አማትየው አሉ፤ ዋሴ ግን የለም። ጦር የያዘውን አየው። በጎን የተሳለ ነው፣ አንድ ዓይን ነው፣ ጠጉሩ ሽበት ጥሎበታል። ሰዓሊው ራሱ ነው።

ከዚያ ቀና አለ። ከጌታ በስተቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ፣ ያ በመጨረሻዋ ሰዓት ምሕረት ለምኖ ያገኘው፣ ፊቱን ወደ ሰው መልሷል። ብርሃኑ ከጎን መጥቶ ግንባሩ ላይ አርፏል። ሁለቱም ዓይኖቹ ክፍት ናቸው፤ ሊስቅ ትንሽ የቀረው ይመስላል።

ቸኮል ነው።

ምእመናን፣ በዚያ ዘመን ፎቶግራፍ የለም። ይህን አስቡልኝ። እናንተ የሞተባችሁን ሰው ከስልካችሁ አውጥታችሁ ታያላችሁ፤ ድምፁን እንኳ ትሰማላችሁ። ዋሴ ምንም የለውም። በመጀመሪያው ዓመት ዓይኑን ሲጨፍን የወንድሙን ፊት ያየው ነበር። በሁለተኛው ዓመት የሚያየው ከሩቅ የሚሄድ ጀርባ ብቻ ሆነ። በሦስተኛው ስሙ ብቻ ቀረለት፤ ለዚያ ስም ሲል ነው በዝናብ ውስጥ ጦር ይዞ የሚቀመጠው። ለማንም አልተናገረም፤ ማን የወንድሜ ፊት ጠፋኝ ይላል? ያንን ፊት በዓለም ላይ አጥርቶ የያዘው አንድ ሰው ብቻ ነበር። የገደለው ሰው። እርሱ ልርሳው ቢል እንኳ አልሆነለትም።

ዋሴ መሬት ላይ ተቀመጠ።

ሰዓሊው መወጣጫው ላይ ነበር፤ አየው። ከኩታው ጫፍ ብቅ ያለውን የካራ እጀታም አየ። አልሸሸም። ወርዶ ከፊቱ ቆመ።

“ለእኔ ከሆነ የመጣኸው፣ ወደ ውጭ እንውጣ” አለው። “እዚህ አታድርገው፤ አንተም ትጠፋለህ።”

ዋሴ የሰማው አይመስልም። ዓይኑን ከግድግዳው ሳያነሣ፣ “ጠባሳው የታለ?” አለ።

“የምን ጠባሳ?”

“ከግራ ቅንድቡ በላይ ጠባሳ ነበረው። ትተኸዋል።”

ሰዓሊው ወደ ሥዕሉ ተጠጋ። “አላየሁትም” አለ። “ያን ቀን ፊቱን ደም ሸፍኖት ነበር።”

ዋሴ፣ “ልጆች ሆነን ነው” አለ። “ወንጭፍ ስንለማመድ። የፈነከትሁት እኔ ነኝ። እናታችን ማን መታህ ብትለው ከዛፍ ወደቅሁ አላት። እስኪሞት ድረስ አላወጣብኝም።”

ይህን ለማንም ተናግሮት አያውቅም። ለሚስቱም፣ ለንስሐ አባቱም። ለወንድሙ ገዳይ ተናገረው።

ሰዓሊው ብሩሹን አነሣና፣ “አሳየኝ” አለው።

ዋሴ ተነሣ። “ወደ ላይ” አለ። “የለም፣ የለም፤ ትንሽ ወደ ጆሮው። ቀጠን አድርገው። አዎ፣ እዚያ ጋ ትጎብጣለች።”

ገዳይና ደመኛ ትከሻ ለትከሻ ቆመው የአንድን ሰው ፊት ጨረሱ። ካራው ኩታው ውስጥ እንዳለ ነው። “ይቅር በለኝ” ያለ የለም፤ “ይቅር ብዬሃለሁ” ያለም የለም። ዋሴ ሥዕሉን ትንሽ አየው፤ “እርሱ ነው” አለና ወጣ።

በማግስቱ ዋንዛው ሥር ማንም የለም። ጦሩም የለም። ሰዓሊው ወደ አለቃ ምህርካ ሮጦ ሄደ።

“አባቴ፣ ምን ብሎ ሄደ? ማረኝ?”

“ስለ አንተ የተናገረው የለም” አሉት። “ዝናቡ ጀመረ፣ እርሻዬን ልመንጥር ብሎ ሄደ።”

ሰዓሊው እዚያው ከአለቃው እግር ሥር ተቀምጦ አለቀሰ። በሦስት ዓመት ውስጥ ሲያለቅስ ያየው ሰው አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ቅዱስ ሆነ ብላችሁ እንዳትጠብቁ። ከዚያ ደብር ወጥቶ ሌላ ደብር ሄደ፤ እዚያም ተጣላ። ጠቡ ግን እንደ ድሮው አልነበረም፤ ማንንም በአንድ ዓይን አልስልም አለ።

“ይሁዳንስ?” አሉት።

“ይሁዳንም።”

“ታዲያ ሕዝቡ ክፉውን ከደጉ በምን ይለያል?”

“እኔ ስለይ ኖሬ ተሳስቻለሁ” አላቸው። “ከእንግዲህ የሚችል ይለየው።”

አባረሩት። ወደ ቆላ ሲወርድ ንዳድ ያዘውና መንገድ ላይ ሞተ። ማን እንደቀበረው አላውቅም። ምሳሌው እዚህ ላይ ያልቃል።

እንግዲህ ወደ እናንተ ልምጣ። ሥርዓቱን አፍርሱ እያልሁ አይደለም፤ የመቅደሱን ግድግዳ ለአባቶች ተዉት። እኔ የምጠይቃችሁ ስለ ሌላው ሥዕል ነው። እናንተ ሰዓሊ አይደላችሁም? እስቲ ቆዩ። ድንበር ገፋኝ ያላችሁትን ጎረቤት እንዴት አድርጋችሁ ነው ያስቀመጣችሁት? ምራታችሁን? በአባት ቤት ምክንያት የተኳረፋችሁትን ወንድም? ያቺን በሠርጋችሁ ያልተገኘችውን አክስት?

አንድ ክፉ ቀን ነበረው። አንድ ቀን። እናንተ በዚያ ቀን ሣላችሁት፣ በጎን፣ በአንድ ዓይን፤ ቀለሙ ደረቀ። ከዚያ በኋላ ልጅ ወለደ፣ ታመመ፣ ደኸየ፣ ጸለየ፤ እናንተ ግን ሥዕሉን አልነካካችሁትም። ልጆቻችሁንም አምጥታችሁ አሳያችኋቸው፤ “ያ አጎትህ እንዲህ ያለ ሰው ነው” አላችኋቸው። አላላችሁም? ብላችኋል። እኔም ብያለሁ።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ “ይቅር ተባባሉ” ብዬ ሰብኬአለሁ። “አሜን” ትላላችሁ፣ ታጨበጭባላችሁ፣ እልል ትላላችሁ። ከዚያ ስትወጡ፣ ያ ሰው በዋናው በር ከወጣ እናንተ በጓሮው በር ትወጣላችሁ። እኔ ከዚህ መድረክ ላይ ሆኜ አያችኋለሁ። ከዚህ በላይ የሚያደክም ነገር አላውቅም፤ እንቅልፍ የማያስወግደው ድካም ነው።

ስለዚህ ዛሬ ይቅር በሉ አልላችሁም። ከዚያ ያነሰ ነገር ልለምናችሁ። ገብታችሁ እዩ። ዋሴ ሲገባ ሊገድል ነበር፤ ምሕረት የሚባል ነገር በልቡ አልነበረም። ግን ገባ፣ መጋረጃውን ገለጠ፣ አየ። ከዚያ የወንድሙ ፊት የጎደለው ነገር ታየው፤ የጎደለውም የራሱ ድንጋይ ያወጣው ጠባሳ ሆኖ ተገኘ። ማን ያውቃል፣ እናንተም ብትገቡ እንዲህ ያለ ነገር ታገኙ ይሆናል።

ልጨርስ። አንድ ነገር ልናገርና እወርዳለሁ።

እኔና ታናሽ እህቴ ከተነጋገርን ዘጠኝ ዓመታችን ነው። ቤቷ ከዚህ ሁለት ፌርማታ ነው። ምክንያቱን ብትሰሙ ትታዘቡኛላችሁ፤ በአባታችን ተዝካር ላይ የተባለ አንድ ቃል ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እርሷ ያለችኝን በቃሌ ይዤ ኖሬአለሁ፤ ከነድምፁ፣ ከነአስተያየቷ። ያን ቃል ከመናገሯ በፊት እኔ ምን እንዳልኋት ግን ትዝ ያለኝ ትናንት ነው፤ ይህን ምሳሌ ለእናንተ ሳዘጋጅ። የእኔው ይብሳል። በሰው ፊት ነው ያልኋት፤ መካን መሆኗን አንሥቼ።

ስለዚህ ከዚህ ስወርድ ለምሳ አትጥሩኝ፤ ወደ እርሷ ነው የምሄደው። በሩን ትክፈትልኝ አትክፈትልኝ አላውቅም፤ ባትከፍትልኝም እውነቷን ነው። ጸልዩልኝም አልላችሁም፤ እናንተም የምታንኳኩት የየራሳችሁ በር አላችሁ። እነዚያን ሁለት አባቶች አሁን ቀስቅሷቸው። ተነሡ፤ ፀሐይ ሳይገባ እንሂድ።